አላውቅም የምትባለው ጀልባ

ሰውየው «ምን አገባህ» ያለኝ ቡፌው ላይ የተቀቀለ እንቁላል እየደረደርኩ ሳለ ነው።

ዙሪክ ዳር፣ ኦፕፊኮን በምትባል ከተማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ቁርስ አቀርባለሁ። እንግዶቹ ወይ ገና ያልነቁ ወይ ጭራሽ ያልተኙ ስለሆኑ ብዙ ነገር ይሉኛል፤ ክፉ ቃል ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። በገዛ ቋንቋዬ ግን፣ ያውም ቀኝ እጁን ከፍ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በፈገግታ የተናገረኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልገጠመኝም። ዕድሜው ሰባ አምስት ቢሆን ነው። ሸሚዙ እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል። ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ በወንድ አንቀጽ መሆኑ ነው። መስደብ ካማረው እንኳ «ምን አገባሽ» ማለት ነበረበት።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» አልኩት በጀርመንኛ።

«በቋንቋዎ ሰላም አልኩዎት። ደረትዎ ላይ ያለውን ስም አይቼ ኢትዮጵያዊት መሆንዎን ገመትኩ። አጠራሬ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። በደንብ ይሰማል።»

ፊቱ በራ። እንቁላሉን ትቼ እንድሰማው በዓይኑ ለመነኝ፤ እኔም ቡና የሚጠብቁትን ሁለት ሰዎች በእጄ «አንዴ» ብዬ ሰማሁት። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የሚኖረው ጄኔቭ ነው። ለእህቱ ልጅ ሰርግ ዙሪክ መጥቶ ነው ሆቴላችን ያደረው። እዚያ በጄኔቭ ደግሞ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ባሕርና ስለ መርከበኞች፣ ስለ ሩቅ አገር ጉዞ ይጽፍ የነበረ የአንድ እንግሊዛዊ ደራሲ አንባቢዎች ማኅበር ነው። ደራሲው በአንዱ መጽሐፉ፣ መርከቡን ቀይ ባሕር ዳር አቁሞ ወደ እኛ ደጋ መውጣቱን፣ ሲመለስም ከአንድ በቅሎ ነጂ ጋር ዘጠኝ ቀን በእግር ወደ ባሕሩ መውረዱን ይተርካል። በመንገድ ላይ በቅሎ ነጂውን ቃል እየጠየቀ ጽፏል። የማኅበሩ አባላት እነዚያን ቃላት ከአባቶቻቸው ተቀብለው በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ሲገናኙም ሲለያዩም በነሱ ይጠቀማሉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ቋንቋውን የሚናገር ሰው አግኝተን አናውቅም» አለኝ።

«ጄኔቭ ባቡር ጣቢያ ቢወጡ እኮ በየቀኑ ሁለት ሦስት አያጡም።»

«በመንገድ የሚሄድ ሰው ማስቆም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነውር ነው።»

በሳምንቱ በፖስታ ሁለት ነገር ላከልኝ። አንደኛው ሰኔ መግቢያ ላይ ማኅበሩ በሐይቁ ላይ በሚያደርገው የጀልባ ሽርሽር የክብር እንግዳ ሆኜ፣ ከፈለግሁም አንድ ቤተሰብ ይዤ እንድገኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የዚያ የቃላት ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ነው።

ቤተሰብ ሲባል ያለኝ ጋሼ ናቸው። በሥጋ አንዛመድም። አፎልተርን በሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር እንኖራለን። ጋሼ የወሎ ሰው ናቸው፤ ስልሳ አልፏቸዋል፤ አልትሽቴተን ሰፈር ባለው የአውቶቡስ ማደሪያ አውቶቡስ ያጥባሉ። ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ቀልድም የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ዝርዝሩን እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ ወጥ ቤቴ ውስጥ አነበብኩላቸው።

ደራሲው ቃላቱን በቀን በቀን ነው የጻፋቸው። በመጀመሪያው ቀን ውሃ፣ እሳት፣ በቅሎ ይላል። ሁሉም ልክ ነው። በሁለተኛው ቀን ጨው፣ ድንጋይ፣ እሾህ። አሁንም ልክ ነው።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ጋሼ። «ቀጥዪ።»

በሦስተኛው ቀን ደራሲው በቅሎ ነጂውን የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ ስንት ሚስት እንዳለው፣ ስንት ጥርስ እንደቀረው ጠየቀው። በቅሎ ነጂው «ምናጋባ» አለው። ደራሲው ይህን «የመንገደኞች ሰላምታ፤ ቀኝ እጅን ከፍ አድርጎ የሚባል» ብሎ ጻፈ።

ጋሼ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

በአራተኛው ቀን ማታ ወደ ሰማይ እያመለከተ ይጠይቀው ገባ። በቅሎ ነጂው «ዚምባል» አለው። ኮከብ ማለት ነው ይላል መጽሐፉ። በአምስተኛው ቀን ኮዳውን ከፍቶ ውስኪ ሲሰጠው «ኢምቢ» ብሎ በእጁ ገፋው። ደራሲው «ለጤናችን» ማለት መስሎት ብቻውን ጠጣው። በስድስተኛው ቀን በቅሎ ነጂው ጭነት አንስቶ ሲራመድ ደጋግሞ «ደካመን፣ ደካመን» ይል ነበር፤ ይህ ደግሞ «በርቱ፣ ወደፊት!» የሚል የተሸካሚዎች ማበረታቻ ሆኖ ተመዘገበ። በሰባተኛው ቀን አንድ አፋፍ ላይ አረፉ። በቅሎ ነጂው ተቀምጦ፣ ሩቅ እያየ፣ በረጅሙ ተንፍሶ «ሰለቺን» አለ። ደራሲው እዚህ ላይ ግማሽ ገጽ ጽፏል። ይህ ሕዝብ ፍጹም የሆነውን የነፍስ ዕረፍት የሚገልጽበት፣ በእንግሊዝኛ አቻ የሌለው አንድ ቃል አለው ይላል።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። እኔም ማንበብ አቅቶኝ ወረቀቱን ፊቴ ላይ አድርጌዋለሁ።

«የስምንተኛው ቀን ባዶ ነው፤ ምንም ቃል የለም» አልኩ ስረጋጋ። «አልጠየቀውም ማለት ነው።»

«ጠይቆታል እንጂ። መልሱ የሚጻፍ አልነበረም።»

የመጨረሻው የዘጠነኛው ቀን ነው። ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ ባሕሩ ከፊታቸው ተዘረጋ። ደራሲው ክንዱን ዘርግቶ «ይህስ ምን ይባላል?» አለ። በቅሎ ነጂው በቅሎዋን አቁሞ ባሕሩን ካየ በኋላ «አላውኪም» አለ። ማኅበሩ ጀልባውን በዚህ ስም ነው የጠራው።

ለዚህኛው የምንስቅ መስሎኝ ነበር፤ ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ይሄ ቀልድ አይደለም» አሉ። «ይሄ እውነቱን ነው። አይቶት አያውቅማ። ስምንት ቀን ሲያላግጥ ከርሞ እዚህ ጋ ሲደርስ ደነገጠ።» ቆይተውም «ስሙን ጽፎታል?» አሉኝ።

ፈለግሁ። የበቅሎዋን ስም ጽፏል፤ የሱን አልጻፈም።

ወደ ጄኔቭ በምንሄድበት ቅዳሜ ባቡሩ ውስጥ ሁለት ጉዳይ ላይ ተከራከርን። አንደኛው የበቅሎ ነጂው ሃይማኖት ነው። ጋሼ መጠጡን «እምቢ» ያለው ሙስሊም ስለሆነ ነው፤ አገሩም ወሎ ነው፤ እንዲያውም የናታቸው ወገን ሳይሆን አይቀርም አሉ። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ሊሆን ይችላል አልኩ። «በየትኛው ጾም?» አሉ። ደራሲው ወሩን አልጻፈም። ባቡሩ የበርንን ከተማ እስኪያልፍ ድረስ አልተስማማንም።

ሁለተኛው እውነቱን እንናገር ወይስ እንተው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጋሼ ቆራጥ ነበሩ። «ሰው ቤት ተጠርተሽ ሄደሽ ወጡ ጨው የለውም አትይም። በልተሽ፣ አመስግነሽ ትመለሻለሽ።» እኔም ልቤ ይኸው ነበር። አንድም ሰው የማይጎዳ ስህተት ነው፤ ምን ቸገረኝ?

ሐይቁ ዳር አስራ አንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሰማያዊ ቆብ አድርገው ተሰልፈው ጠበቁን። ከኋላቸው ነጭ ሸራ ያላት ጀልባ፣ ጎኗ ላይ በትልልቅ የላቲን ፊደል «አላውኪም» ተጽፎባት ቆማለች። ሊቀመንበሯ ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ቀጥ ያለች የጥርስ ሐኪም ነበረች። ፊት ለፊቴ ቆማ እጇን አነሳችና በታላቅ ክብር «ምናጋባ!» አለች። ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ፣ «ምናጋባ»፣ «ምናጋባ» እያሉ አለፉ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ጋሼ ግን ለእያንዳንዳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ምንም አላገባኝ!» ብለው መለሱ።

ጸሐፊው ማስታወሻውን አወጣ። «ይህ የሰላምታው መልስ ነው? መጽሐፉ ውስጥ የለም እኮ!» እዚያው ቆሞ ጻፈው። ምሳ ሳይደርስ አስራ አንዱም ሸምድደውት ነበር።

ጀልባዋ ላይ ስንወጣ ገመዱን ይዤ አልለቅ አልኩ፤ ከመሬት የሚለየኝ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። አንዲት ቀጭን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት አጠገቧ አስቀምጣ እጄን ያዘችልኝ። እንደ ባሏ የማኅበሩ አባል የሆነች፣ ባሏ ባለፈው የበረዶ ወራት የሞተባት ሴት እንደሆነች ጸሐፊው በጆሮዬ ነገረኝ። ወይን ተቀዳ፤ ለጋሼ የፖም ጭማቂ መጣላቸው። ሊቀመንበሯ ብርጭቆዋን አንስታ «ኢምቢ!» አለች። ሁሉም «ኢምቢ!» ብለው ጠጡ። እምቢ እያለ የሚጠጣ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የማኅበሩን መጽሔትም አደሉን። ስሙ ኮከብ ለማለት «ዚምባል» ነው፤ ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም «ዝም በል» ተብሎ ታትሟል ማለት ነው።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ነፋሱ ቆመ። ሸራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠለጠለ። ሞተር የላትም፤ ደራሲው ሞተር ይጠላ ስለነበር ማኅበሩ በድምፅ ብልጫ ሞተር አናስገባም ብሎ ወስኗል። አራት ረጃጅም መቅዘፊያዎች ወጡ። ስምንቱ ብርቱዎች ተቀመጡ፤ ከብርቱዎቹ አንዱ የመስሚያ መሣሪያ ጆሮው ላይ አለ፣ አንዷ ዳሌዋ ብረት ነው። ሊቀመንበሯ እጇን አጨበጨበች፤ መቅዘፍም ጀመሩ።

«ደካመን!» ሲሉ ጮኹ በአንድ ድምፅ። «ደካመን! ደካመን!»

ላባቸው ይወርዳል፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፤ «ደከመኝ» እያሉ በኃይል ይቀዝፋሉ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። አንዲት ሴት ጀልባው ያጥወለወላቸው መስሏት አዝና መድኃኒት ሰጠቻቸው። መጨረሻ ላይ አላስችል ብሏቸው ኮታቸውን አውልቀው አንዱን መቅዘፊያ ተቀበሉ። ሁለት ጊዜ ሳቡና እሳቸውም ከልባቸው «ደከመኝ!» አሉ። ያኔ የተጨበጨበላቸው ጭብጨባ ዳር ድረስ ተሰምቷል።

ምሳው ዳር ላይ፣ አንድ የዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ነገሩ ሁሉ እንደዚሁ በሰላም ባለቀ ነበር። ዓሣው ተበልቶ ሲያበቃ ግን ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። የመቃብር ድንጋይ ንድፍ ነው። የባሏ ስምና ዘመኑ ከላይ አለ፤ ከሥር አንድ መስመር ባዶ ተትቷል።

«ባሌ ከቃላቱ ሁሉ ‹ሰለቺን› የሚለውን ይወድ ነበር» አለች፤ ጸሐፊው ወደ ጀርመንኛ ይመልስልኛል። «ድንጋይ ጠራቢው ማክሰኞ ይጀምራል። በራሳችሁ ፊደል እንዲጻፍለት እፈልጋለሁ። እባክዎ በእጅዎ ይጻፉልኝ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ያቺን የወጥና የጨው ነገር የተናገሩ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው ራሳቸውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ሕያዋን የፈለጉትን ይባባሉ። ሰው መቃብር ላይ ግን ሳያውቁት ሊጻፍ አይገባም።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ተናገርኩ። መጀመሪያ «ሰለቸኝ»ን ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ አንዱ ሲወጣ ግን ሌላውን መደበቅ አልተቻለም፤ ጸሐፊው እየጠየቀኝ፣ እኔም እየመለስኩ፣ ሁሉም ወጣ። ሰላምታው። ኮከቡ። ጽዋው። ቀዘፋው። በመጨረሻም የጀልባዋ ስም። ጸሐፊው ሲተረጉም ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሹክሹክታ ሆነ።

አንድ ሰው ሰማያዊ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሊቀመንበሯ ተነሳች። እጇ ጠረጴዛውን ይዟል።

«እናቴ የሞተች ቀን» አለች፣ «እኔና ታላቅ እህቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኝተን የምንለው ቢጠፋን እጃችንን አንስተን ‹ምናጋባ› ተባባልን። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። አሁን እርስዎ፣ ‹ምን አገባህ› ተባብለን ነው የቀበርናት ሊሉኝ ነው?»

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። ጋሼ ናቸው በተሰባበረ ጀርመንኛቸው ያዳኑኝ፦ «ማዳም፣ ቃሉ የበቅሎ ነጂው ነው። ለቅሶው የናንተ ነው።»

ሊቀመንበሯ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ስዊሶች ሲጨንቃቸው የሚያደርጉትን አደረገች፤ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበች።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የክብር እንግዳዋ የሰጠችው ትርጉም ይጸድቅ ወይስ አይጽደቅ? የሚቃወሙ እጅ ያውጡ። ስድስት እጅ ወጣ። የሚደግፉ። አራት። ድምፀ ተአቅቦ። ባሏ የሞተባት ሴት እጇን አወጣች። «አላውቅም» ማለት አማርኛ ውስጥ ባሕር እንደሆነ በስድስት ለአራት ተወሰነ። እኔ አባል ስላልሆንኩ ድምፅ አልነበረኝም። ጸሐፊው ከደገፉኝ አራቱ አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ቡናቸውን መጠጣት ሲጀምሩ እሱ ቃለ ጉባኤውን እየጻፈ ቀና ብሎ አላየኝም።

ያቺ ሴት ግን ንድፉን እንደገና ወደ እኔ ገፋችው። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም አብሮ ይወርዳል።

«ሰለቸኝ ነው ያሉት? ‹በቃኝ፣ ታከተኝ› እንደማለት?»

«አዎ።»

«ሦስት ዓመት ታሞ ሲተኛ በየማለዳው የሚለኝ ይህንኑ ነበር፤ በፈረንሳይኛ። ሐኪሙን፣ ሾርባውን፣ እኔንም ጭምር። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ ‹በሰላም ነው ያረፈው› እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ይጻፉልኝ። በደንብ አድርገው ይጻፉ።»

ጋሼ ወረቀቱን አጥብቀው ያዙልኝ፤ ነፋሱ ያን ጊዜ ነው የተመለሰው። አራቱን ፊደል በትልልቁ ጻፍኩት። በልጅነቴ የእጅ ጽሑፌ በጣም ይመሰገን ነበር።

ስንለያይ ሊቀመንበሯ እጇን ከፍ አላደረገችም፤ ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቶሎ ግን አልለቀቀችኝም።

በወሩ ቃለ ጉባኤው በፖስታ መጣልኝ፤ አራት ገጽ ነው። የእኔ ማብራሪያ «በአክብሮት ከተደመጠ በኋላ በአብላጫ ድምፅ ውድቅ ሆኗል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ አዲስ ቃል መጨመሩ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ «ምናላጋባን» ማለት ለሰላምታ የሚሰጥ መልስ ነው። ምንጭ፦ የወሎ ተወላጅ የሆኑ እንግዳ። ጋሼ ያችን ገጽ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጥፈዋታል።

በመስከረም ሴትዮዋ ድንጋዩ መቆሙን ጽፋልን ጋሼ የዕረፍት ቀናቸውን ከኔ ጋር አስተካክለው ሄድን። መቃብር ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወይን የተተከለበት ዳገት ሥር ነው። ጠራቢው ጎበዝ ነበር፤ የ«ቸ»ን አንገት እንኳ አላበላሸም። ግራጫው ድንጋይ ላይ፣ ከዘመኑ በታች፣ «ሰለቸኝ» ይላል። ጋሼ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ እኔ አማተብኩ።

ሴትዮዋ የምትታጠፍ ወንበር ይዛ መጥታ ነበር። ተቀመጠችና ቃሉን በትክክል ማለት እንዳስተምራት በጥቂቷ ጀርመንኛዋ ጠየቀችኝ። «ሰ»ን፣ «ለ»ን ቶሎ ያዘች። «ቸ» ትንሽ አስቸገራት። «ኝ»ን ግን ፈረንሳይኛዋ ውስጥ ስላለ ወዲያው፣ ከጠበቅሁት በላይ አጥርታ አወጣችው። አምስት ስድስት ጊዜ ለድንጋዩ አለችለት። ከዚያ ያመጣችውን ዳቦና አይብ ለሦስት ቆርሳ ሰጠችን፤ አጥሩ ላይ ተደግፈን በላንና የአስር ሰዓቱን ባቡር ያዝን።